ጊዛ ብረትን አሲድ አስበልቶ በማይክሮስኮፕ ማየት፦ የወፍጮው ፑሊ ጠርዝ ቶርኖን ለምን እምቢ አለ?

ቶርኖ_ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለአንድ ወፍጮ ቤት አዲስ የተቀለጠ የጊዛ (ቀልጦ በፎርማ የሚፈስ ብረት) ፑሊ ቶርኖ ላይ አስሬ ልላጨው ብል ጠርዙ መቁረጫ አልቀበል አለ። የካርባይድ ጫፍ ሳይቀር ይሸረፋል። ዘንጉ የሚገባበት ወፍራሙ መሃል ግን በሰላም ይላጫል፤ ፍቅፋቂውም እንደ ደህና ጊዛ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ከአንድ ቅልጥ የፈሰሰ አንድ ብረት እንዴት ሁለት ጠባይ ያመጣል?

ከጠርዙ ቁራጭ ሰብሬ ይዣለሁ። ለማነጻጸሪያ የአሮጌ አይሱዙ ፍሬን ታምቡር ቁራጭም አለኝ። እኔ ባለሁበት ማሠልጠኛ ያለው የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ለብረት የሚሆን የለም። ናይትሪክ አሲድ ከኬሚስትሪ ክፍል ይገኛል። ስንት አሲድ በምን ልበጥብጥ? ስንት ሰከንድስ ላስበላው? ባለወፍጮው «ተወው፣ ሌላ አስቀልጥልኝ» ይለኛል። ምክንያቱን ሳናውቅ ብናስቀልጥ ግን ያው ተመልሶ እንዳይመጣ እሰጋለሁ።

ቀጥቃጩ_ቢቸና

ወንድሜ፣ አሲዱ ይቆይህና የሰበርከውን ፊት መጀመሪያ ፀሐይ ላይ እየው። ግራጫ ሆኖ ጣትህን ካጠቆረ ሞረድም ቶርኖም ይገዛዋል። ነጭ ሆኖ ካብለጨለጨ ሞረዱ ይንሸራተታል እንጂ አይበላውም። የአንተ ጠርዝ ነጭ እንደሚሆን ከዚሁ ሆኜ እነግርሃለሁ።

ቶርኖ_ማርቆስ

ልክ ነህ። ከውጭ በኩል ነጭ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲሄድ ነጭና ግራጫ ይዥጎረጎራል፣ ከዚያ ሙሉ ግራጫ ይሆናል።

ዳሞት_ላብ (ባሕር ዳር)

የቢቸናው ወንድማችን መነሻውን ይዞታል። የስብራት ቀለም ብዙ ዘመን ያገለገለ ምርመራ ነው፤ እኛም ላብራቶሪ ውስጥ ከእሱ ነው የምንጀምረው። ማይክሮስኮፑ የሚጨምርልህ ነጩ በትክክል እስከ የት እንደዘለቀና ከነጩ ቀጥሎ ያለው ግራፋይት ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። የቀለጠበትን ሁኔታ የሚያሳብቀው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ጥያቄህ ላይ ግን አንድ ነገር ላስቀድም፤ ጊዛን የሚመረምር ሰው ሁሉ ልብ እንዲለው የምፈልገው ነው። አሲድ የመጨረሻው ሥራ ነው። ጊዛ ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ካርቦንና ከ1 እስከ 3 በመቶ ሲሊኮን የያዘ ብረት ነው። ካርቦኑ ግራፋይት ሆኖ ከተለየ ግራጫ ጊዛ ይባላል፤ ከብረቱ ጋር ተጣምሮ ሲሜንታይት ከሆነ ነጭ ጊዛ ይባላል። ግራፋይቱ ደግሞ ያለ አሲድ ነው የሚታየው፤ በደንብ በተወለወለ ፊት ላይ፣ በ100 እጥፍ። የግራፋይት ቅርጽና መጠን የሚለካባቸው አይሶ 945 እና ኤኤስቲኤም ኤ247 የሚሉት መስፈርቶችም የሚያነጻጽሩት ያልተበላውን ፊት ነው። አሲድ ካስነካኸው በኋላ ፐርላይት የሚባለው የብረቱ መሬት ይጠቁርና ጥቁር ግራፋይት በጥቁር መሬት ላይ ይሆንብሃል፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወልውል፣ እይ፣ ፎቶ አንሳ፤ አሲዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አሁን ወደ ውልወላው። አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ ብዙ «አሲዱ አልሠራልኝም» የሚል ቅሬታም ምንጩ እዚህ ነው።

ናሙናውን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቁረጠው፤ የነጩ ጥልቀት በጎን እንዲታይ። ነጭ ጊዛ በሰጌቶ አይቆረጥም፤ በግራይንደር ቀጭን ዲስክ ትንሽ ትንሽ እየቆረጥክ፣ በየመሃሉ እያቆምክ ውሃ ውስጥ ንከረው። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀት ነክቶታል ማለት ነው፤ ያን ክፍል በደንብ ሞርደህ አውጣው። የአንተ ጉዳይ ያለው ጠርዙ ላይ ስለሆነ ናሙናውን ሙጫ ውስጥ ሳትቀብር ብትወለውለው ጠርዙ ይዶለዱምና የምትፈልገው ቦታ ትኩረት ውስጥ አይገባም። ባኬላይት መጫኛ (ናሙናን በፕላስቲክ የሚቀብር መሣሪያ) ከሌለህ ጋራዦች የመኪና አካል የሚጠግኑበትን የፋይበር ሙጫ ከማጠንከሪያው ጋር በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ አፍስሰህ ናሙናውን በፊቱ ድፋው። ሲደርቅ ሁለመናው አንድ ላይ ይሞረዳል።

ከዚያ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስታወት ላይ አንጥፍ። ከ180 ጀምረህ 240፣ 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1200። በአንድ ቁጥር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ግፋ። ቁጥር ስትቀይር ናሙናውን ሩብ ዙር አዙርና የፊተኛው ጭረት ጨርሶ እስኪጠፋ ቀጥል። በየመሃሉ ናሙናውንም እጅህንም እጠብ፤ አንዲት የ180 ፍርፋሪ ወደ 1200 ከተሻገረች ልፋቱ ሁሉ ይበላሻል።

ማለስለሻው የአልማዝ ፓስታ ከተገኘ 6፣ 3፣ 1 ማይክሮን፣ ካልሆነ የአልሙና ዱቄት ነው። ጨርቁ ግን ፀጉራም አይሁን። ከፋይና ፍላኔል ግራፋይቱን ነቅለው ያወጡታል። ሐር ወይም ሌላ ልሙጥ ጨርቅ መስታወት ላይ ወጥረህ፣ ሳትጫን፣ አጭር ጊዜ ብቻ። ግራፋይት ለስላሳ ነው። ብዙ ከለፋህበት ይነቀልና ባዶ ጉድጓድ ይቀራል፤ ወይም ብረቱ ተድጦ በላዩ ይለሰንበታል። የተነቀለው ከእውነተኛው ወፍሮ ይታያል፣ የተለሰነበት ደግሞ ቀጥኖ ወይም ጭራሹኑ ጠፍቶ። ሁለቱም ስለ ብረትህ ይዋሹሃል። የምትለየው እንዲህ ነው፦ በቦታው ያለ ግራፋይት ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ ጉድጓድ ግን ድቅድቅ ጥቁር ነው፣ ትኩረቱን ከፍ ዝቅ ስታደርገው ጠርዙ ያበራል።

የፖሊ_ዱሮ_ተማሪ

ልጄ ዳሞት ያለችው ሁሉ ልብ ይባል። እኔ ማይክሮስኮፑን ልጨምር፤ ይህን ሥራ የተማርኩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ነው፣ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ክፍል።

የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑ ከሥር ይመጣል። ብረት ብርሃን አያሳልፍም። ከጎን በባትሪ ብታበራበት የተወለወለው ፊት ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጥለውና ጨለማ ይሆናል፤ የሚያበራልህ ጭረቱ ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የስላይድ መክደኛ ስስ መስታወት ከሌንሱ ሥር በ45 ዲግሪ አጋድመህ በፕላስተር አጣብቅ። ከጎን በአግድም አብራ። መስታወቱ የብርሃኑን ጥቂት ክፍል ቁልቁል ወደ ናሙናው ይመልሰዋል፤ ናሙናው መልሶ ወደ ላይ በመስታወቱ በኩል ወደ ዓይንህ ይልከዋል። የብረት ማይክሮስኮፕም በውስጡ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ በባለ 4 እና በባለ 10 ሌንስ ይሆናል፤ ከናሙናው ይርቃሉና መስታወት ያስገባሉ። ባለ 40ው ከናሙናው የሚርቀው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ አያስገባም፤ ደግሞም የተሠራው 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው መክደኛ በኩል እንዲያይ ነው። ግድ የለም። ባለ 10 ሌንስ ዓይን ከሚጠጋበት ባለ 10 የላይ ሌንስ ጋር 100 እጥፍ ነው፤ ለግራፋይት የሚፈለገውም ይኸው 100 ነው። ናሙናውን የልጆች ፕላስቲሲን ላይ አድርገህ ከላይ በጠፍጣፋ ነገር ተጫነው፣ ፊቱ እንዳያዘነብል።

አሲድን በተመለከተ በእኛ ጊዜ ለፐርላይት ፒክራል ነበር የሚመረጠው፤ 4 ግራም ፒክሪክ አሲድ በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል። ካርባይዱን (ሲሜንታይቱን) ከናይታል፣ ማለትም ከናይትሪክ አሲድና አልኮል ውሁድ፣ ይልቅ ጥርት አድርጎ ያወጣል።

እንዲያውም ይህ ሙያ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ነው። ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ የሚባል ሰው ነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ መጀመሪያ ብረት ወልውሎና አሲድ አስበልቶ በሚንጸባረቅ ብርሃን ያየው። በዚያ ዘመን በነበረ መሣሪያ ፐርላይትን ካየ፣ እናንተም ደብረ ማርቆስ ላይ ታዩታላችሁ።

ተማሪ_ቡሬ

ጋሼ እናመሰግናለን። እኔም መሞከር እፈልጋለሁ፤ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ንጹሕ አልኮል ካጣሁ ዳግም አረቄ ይሆናል? ናይትሪክ አሲድ ከሌለስ የመኪና ባትሪ አሲድ?

ኬሚስት_ዳንግላ

ለተማሪ ቡሬ፦ ሁለቱም አይሆኑም። ዳግም አረቄም ቢሆን ከግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ናይታል ውስጥ ውሃ ሲበዛ አሲዱ ይፈጥናል፣ አበላሉ ይዥጎረጎራል፣ ጊዛው ደግሞ ዓይንህ እያየ ይዝጋል። ፍጹም ኤታኖል ወይም 96 በመቶው ነው የሚያስፈልግህ። የእጅ ማጽጃው አልኮል ውሃም ግሊሰሪንም አለበት፣ እሱም ይቅር። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ ነው፤ ፐርላይትና ፌራይት (ካርቦን የሌለው ያህል የሆነ ለስላሳ ብረት) ለይቶ ለማሳየት የናይትሪክን ቦታ አይተካም።

ቶርኖ ማርቆስ ለጠየቅከው፦ ሁለት በመቶ ናይታል፣ ማለትም 98 ሚሊ ሊትር ኤታኖልና 2 ሚሊ ሊትር ድፍን (ያልቀጠነ) ናይትሪክ አሲድ። ለአንድ ቀን ሥራ የዚህ ሩብ እንኳ ይበቃል። ከመቀላቀልህ በፊት ግን የሚከተለውን እንድታነብልኝ እለምንሃለሁ። ኬሚስትሪ ክፍሉም ውስጥ ይነበብ።

አልኮሉን አስቀድመህ ትቀዳለህ፤ አሲዱን በእሱ ላይ ጠብ ጠብ እያደረግክ ትጨምራለህ፣ እያማሰልክ። ተገላቢጦሹን በፍጹም። ድፍን ናይትሪክ ላይ ትንሽ አልኮል ካፈሰስክ ይግላል፣ ቡናማ ጋዝ ይወጣዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ቡናማ ጭስ ካየህ ምንም ሳትነካ ከክፍሉ ውጣ፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሳንባን የሚጎዳው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል «ደህና ነኝ» ብለህ አትተማመን።

ከ5 በመቶ በላይ አሲድ ያለበት ናይታል አታስቀምጥ። ከ10 በመቶ ያለፈ የናይትሪክና የኤታኖል ውሁድ ፈንጂ ሊሆን ይችላል። ደካማውም ቢሆን ከርሞ ጋዝ ያጠራቅማልና አፉ ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ የዕለቱን በዕለቱ አዘጋጅ። ናሙና በአሴቶን የምታጥብ ከሆነ የአሴቶኑን ጥራጊ ከናይታሉ ጋር በአንድ ዕቃ አታጠራቅም፤ ናይትሪክና አሴቶን አንድ ላይ አደገኛ ናቸው። ከሥራ በኋላ የተረፈውን በብዙ ውሃ አቅጥነህ ቤኪንግ ሶዳ አረፋው እስኪያቆም ጨምርበትና አስወግደው። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ቆዳህ ላይ ከፈነጠቀ ቢጫ ያደርግሃል፤ ቶሎ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠብ፣ ዓይንም ከሆነ እንዲሁ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ጋሼ፣ ስለ ፒክራል ያሉት እውነት ነው፤ ሥራው የጠራ ነው። ነገር ግን ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ ፈንጂ ነው፤ ክዳኑ ላይ የደረቀው ቅሪት ጠርሙሱ ሲከፈት በሚፈጠር ፍትጊያ ብቻ ሊነሳ ይችላል። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ባለቤቱ የማይታወቅ ያረጀ ኬሚካል ስላለ፣ ይህን የሚያነብ ሰው ቢጫ ደረቅ ፍሬ ያለበት የፒክሪክ ጠርሙስ ካጋጠመው አይክፈተው፣ አያንቀሳቅሰው፤ ክፍሉን ዘግቶ ለሚመለከተው ያሳውቅ። ለፑሊ ምርመራ ናይታል ይበቃል።

የፖሊ_ዱሮ_ተማሪ

ልጄ፣ ተቀብያለሁ። እኛ ጋ ፒክሪኩን በውሃ አርሶ የሚጠብቅ ኃላፊ ነበረ። ጠባቂ በሌለበት ናይታል ይሁን።

ጋራዥ_ዳንግላ

እኔ እንኳ 2 በመቶ ትርጉም የለውም ባይ ነኝ። 5 በመቶ አድርጎ አንድ ደቂቃ ቢዘፍቁት ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በዓይን እንኳ ይታያል።

ዳሞት_ላብ

በዓይን የሚታየውስ ምንድን ነው? ጥቁር ፊት ነው። ለምን እንዲያ እንደሚሆን ልንገርህ፣ አሠራሩ ከገባን ሰዓቱን ራሳችን እንወስናለንና።

ፐርላይት የፌራይትና የሲሜንታይት ስስ ንብርብር ነው። ናይታል ፌራይቱን ይበላል፣ ሲሜንታይቱን ይተዋል። ስለዚህ ፌራይቱ ዝቅ፣ ሲሜንታይቱ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከላይ የወረደው ብርሃን በዚያ ወጣ ገባ ላይ ይበተንና ወደ ሌንሱ አይመለስም፤ ጠቆረ የምንለው ይህንን ነው። ብቻውን ያለ ፌራይት ግን ልሙጥ ሆኖ ስለሚበላ ነጭ ይሆናል፤ የሚታየው ድንበሩ ብቻ ነው። ሲሜንታይት ጭራሽ ስለማይበላ እሱም ነጭ ነው።

ብዙ ስታቆየው ፌራይቱ ከመጠን በላይ ይጎደጉድና ንብርብሩ ሁሉ ጨለማ ይሆናል፤ መስመሩን ለማየት ነበር ያስበላኸው፣ መስመሩ ግን ይጠፋል። ከፍ ባለ እጥፍ ልታይ ከሆነ ቀለል አድርገህ ማስበላት፣ ዝቅ ባለ እጥፍ ከሆነ ትንሽ ጠንከር ማድረግ ነው ደንቡ። ለጊዛ በ2 በመቶ ናይታል ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ውስጥ አብዛኛው ይጠናቀቃል። ሰዓት ከመቁጠር ግን ፊቱን ተመልከት፤ መስታወት የነበረው ፊት ልክ መደብዘዝ ሲጀምር አውጣው። ያነሰ ከሆነ መልሰህ ትነክረዋለህ። የበዛ ከሆነ ግን ወደ መጨረሻው ማለስለሻ ተመልሰህ ነው የምትጀምረው።

አንድ ገደብም አለ። ባለ 40 ጥሩ ሌንስ እንኳ ቢኖርህ ከ0.4 ማይክሮን ገደማ በታች የተጠጋጋ መስመር አይለይም። ቶሎ የቀዘቀዘ ጊዛ ፐርላይቱ ከዚያ ይደቅቃልና ወጥ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እሱን አሲድ በማብዛት አታወጣውም።

ለቶርኖ ማርቆስ የቀሩ ነገሮች፦ ወልውለህ እንደጨረስክ በዚያው ሰዓት አስበላው። ካደረ ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን ይይዝና አሲዱ ነቁጥ ነቁጥ ያደርገዋል። በጥጥ ቀስ ብለህ ቀባ ወይም በመቆንጠጫ ይዘህ ንከር። ወዲያው በአልኮል አጥበህ የፀጉር ፎን ዘንበል አድርገህ አድርቀው። ግራፋይቱ ጎን ውሃ ይሸሸግና ከደረቀ በኋላ ወጥቶ ዙሪያው ቡናማ ቀለበት ይሠራል፤ እሱን የብረቱ መዋቅር ነው ብለህ እንዳትጽፍ።

ውሃ_መስመር_ባሕርዳር

እኔ ደግሞ የውሃ መስመር ቧንቧ ላይ ነው የምሠራው። አዲሶቹ ዳክታይል የሚባሉት ጊዛ ሆነው ሳለ ይታጠፋሉ እንጂ እንደ ድሮዎቹ አይሰበሩም። በዚሁ ዘዴ ልዩነቱ ይታያል?

ዳሞት_ላብ

በደንብ ይታያል፤ ለጀማሪ እንዲያውም ከሁሉ የሚያምረው ናሙና እሱ ነው። በግራጫ ጊዛ ግራፋይቱ ረጃጅም ስስ ቅጠል ነው። የየቅጠሉ ጫፍ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ ብረቱ ሲመታ ይሰበራል። ዳክታይል ላይ ቅልጡ ውስጥ ማግኒዚየም ይገባል፤ ብረቱ ውስጥ የሚቀረው ከ0.03 እስከ 0.05 በመቶ ገደማ ነው። ይህቺ ትንሽ ነገር ግራፋይቱን ታከበዋለች። ለዓለም ይፋ የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ነው፤ ከጊዛ ረጅም ዕድሜ አንጻር የትናንት ነገር ነው። ናይታል ካስበላኸው ፐርላይት ያለበት ዓይነት ከሆነ መሃሉ ጥቁር ክብ ግራፋይት፣ ዙሪያው ነጭ የፌራይት ቀለበት፣ ከዚያ ውጭ የጠቆረ ፐርላይት ሆኖ ልክ ዓይን ሆኖ ያይሃል። የቧንቧው ግን ብዙውን ጊዜ ፌራይቱ የበዛ ነውና መሬቱ ነጭ ቢሆንብህ አትደንግጥ።

ቶርኖ_ማርቆስ

አይቻለሁ! ፎቶዎቹ በስልክ የተነሡ ስለሆኑ ጥራታቸው ያንሳል፤ በቃል ልግለጽ። ጋሼ፣ የ45 ዲግሪው መስታወት ግሩም ነው። ሠልጣኞቹ ተራ ይዘው ነው ያዩት፤ ብረት ውስጡ ይህን ያህል ዓለም አለው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ያለ አሲድ፦ የታምቡሩ ናሙና ሁሉም ቦታ ላይ በየአቅጣጫው የተበተነ ጠመዝማዛ ቅጠል ግራፋይት ነው። የፑሊው ጠርዝ ላይ ግን ግራፋይት ጭራሽ የለም፣ ባዶ ነጭ ፊት ነው። ከጠርዙ ወደ 4 ሚሊሜትር ገደማ ስገባ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ ይጀምራል፤ ቀጥሎ በጣም ደቃቅ ግራፋይት በቅርንጫፍ መሰል ነጭ ነገር መካከል ታጭቆ አለ። ወፍራሙ መሃል ላይ ከታምቡሩ ጋር ይመሳሰላል።

ከናይታል በኋላ፦ ታምቡሩ ከነግራፋይቱ ጠቆረ። የፑሊው ጠርዝ ላይ ነጭ መረብና በመሃሉ የጠቆሩ ደሴቶች ወጡ። ነጩ ፌራይት ነው ወይስ ሲሜንታይት? ሁለቱም ነጭ ናቸው ብለሻል።

ዳሞት_ላብ

እንኳን ደስ ያለህ! ከልቤ ነው፤ በዚህ መሣሪያ ይህን ያህል ማየትህ ትልቅ ነገር ነው።

ነጩን በመርፌ ጫረው። ሲሜንታይት ከ800 ቪከርስ (የጥንካሬ መለኪያ) በላይ ይጠነክራል፣ ፐርላይት ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ነው፣ ፌራይት ከዚያም በታች። መርፌው ጥቁሩን ጭሮ ነጩ ላይ ሲደርስ ጭረቱ ከተቋረጠ ሲሜንታይት ነው። የመቁረጫህን ጫፍ የበላው እሱ ነው። ነጩ መረብና በውስጡ ያሉት የጠቆሩ ነጠብጣቦች አንድ ላይ ሌደቡራይት ይባላሉ፤ ትልልቆቹ ጥቁር ደሴቶች ፐርላይት ናቸው።

ቀጥሎ ያየኸው፣ ቅርንጫፍ መካከል የታጨቀው ደቃቅ ግራፋይት፣ ዓይነት ዲ የሚባለው ነው። በታምቡሩ ላይ ያለው ዓይነት ኤ ነው፣ ለፍሬንም ለፑሊም የሚፈለገው። ዓይነት ዲ ቅልጡ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ዘግይቶ በድንገት እንደረጋ ይናገራል። እንግዲህ ታሪኩ ተሟልቷል፦ ጠርዙ ቀጭን ነበር፣ ቶሎ ቀዘቀዘ፣ ግራፋይት የሚጀምርበት ዘር ቅልጡ ውስጥ አልነበረም።

አቅላጭ_ፍኖተሰላም

እኔ የማቀልጥ ሰው ነኝ፤ የዚህን ፑሊ አቅላጭ አላውቀውም፣ ነገሩ ግን እኛ ጋም ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ መነሻው የሚጫነው ቁርጥራጭ ነው። ጊዛ ሲጠፋ ባሌስትራና አንግል ብረት ይደባለቃል። እነሱ ካርቦናቸውም ሲሊኮናቸውም ትንሽ ነው።

ቅልጡ ግራጫ ወይም ነጭ የመሆን ዝንባሌው የሚገመትበት፣ የካርቦን አቻ የሚባለው ሒሳብ ይሄ ነው፦ የካርቦን በመቶኛ ላይ የሲሊኮንና የፎስፈረስ ድምር ሢሦ ይደመራል። ካርቦን 3.4፣ ሲሊኮን 2.0፣ ፎስፈረስ 0.1 ከሆነ 4.1 ይመጣል፤ ጊዛ በዝቅተኛው ሙቀት ከሚረጋበት ቁጥር ከ4.3 ብዙ አይርቅም፣ ቀጭን ነገር እንኳ ግራጫ ይወጣል። ብረቱ በዝቶ ካርቦን 3.0፣ ሲሊኮን 1.5 ሲሆን ወደ 3.5 ይወርዳል፤ ያኔ ቀጭን ጠርዝ ነጭ ይሆናል። እርጥብ የአሸዋ ፎርማና ቀዝቅዞ የተቀዳ ቅልጥ ያብሱታል።

መድኃኒቱ ባሌስትራውን ቀንሶ የአሮጌ ሞኖብሎክ (የሞተር አካል) እና የታምቡር ስባሪ ማብዛት ነው። ከዚያ ቅልጡ ወደ መቅጃው ሲወርድ 75 በመቶ ሲሊኮን ያለው ፌሮሲሊኮን ተፈጭቶ፣ ደርቆ፣ ከቅልጡ ክብደት ከ0.2 እስከ 0.4 በመቶ ይጨመርበታል። ለ50 ኪሎ ቅልጥ ከ100 እስከ 200 ግራም ማለት ነው። ከተጨመረ በኋላ ቁሞ መጠበቅ የለም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉ ይሞታል። ከመቅዳታችን በፊት ደግሞ ሽብልቅ መሰል ቁራጭ እናፈሳለን፤ ቀዝቅዞ ሲሰበር ከቀጭኑ ጫፍ ነጩ ስንት ሚሊሜትር እንደገባ እንለካለን። ነጩ ከበዛ ፌሮሲሊኮን ይጨመራል እንጂ ፎርማው አይሞላም።

ቶርኖ_ማርቆስ

አሁን ያለው ፑሊ ግን ይድናል? አሙቄ ባለዝበው?

አቅላጭ_ፍኖተሰላም

ሲሜንታይቱን ለማፍረስ ከ900 እስከ 950 ዲግሪ አድርሶ ሰዓታት ማቆየትና እቶኑ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ይፈልጋል። ይለዝባል፣ ግን ጥንካሬው ይወርዳል፣ ሊጣመምም ይችላል። በደቂቃ ብዙ ዙር ለሚሽከረከር፣ ሰው አጠገቡ ለሚቆም ፑሊ እኔ አልመክርም። ስበረውና ከጥሩ ስባሪ ጋር ቀላቅለህ እንደገና አስቀልጠው፤ ካርቦኑ የትም አልሄደም።

ቀጥቃጩ_ቢቸና

ደግ ብለሃል። አዲሱን ሳትላጨው በፊት የጠርዙን ቁራጭ ሰብረህ እየው ወንድሜ። እሱ አሲድም መስታወትም አይፈልግም።

ተማሪ_ቡሬ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የወለወልኩትን ናሙና ለመምህሬ ላሳይ ብዬ ሳስቀምጠው እንዳይዝግ ምን ላድርግ? ክረምት ገብቷል፣ እኛ ጋ ዝናቡ ቀን ከሌት ነው።

ዳሞት_ላብ

በአልኮል አጥበህ በፎን በደንብ አሙቀህ አድርቀው፤ ግራፋይቱ ጎን የተሸሸገው እርጥበት ሳይወጣ ከዘጋህበት ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የማር ወይም የቡና ብርጭቆ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ አስቀምጠው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አብረህ ክተት። እርጥበት ከጠገቡ ምጣድ ዳር በለዘብታ ሙቀት አድርቀህ መልሰህ ትጠቀምባቸዋለህ። ፊቱን በጣትህ አትንካው፣ ላብ ጨው አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ፎቶውን በዕለቱ አንሳ፤ ከየት እንደተቆረጠ፣ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ያለ አሲድ ይሁን ከአሲድ በኋላ ከሥሩ ጻፍበት።

ተማሪ_ቡሬ

እሺ እህቴ። የአባቴን አሮጌ የወፍጮ ቮላኖ ስባሪ አግኝቻለሁ፤ ከእሱ እጀምራለሁ። ያለ አሲድ ያየሁትን እዚህ እለጥፋለሁ።